እልል ያልኩበት ጭስ

ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አገሩ የት እንደሆነ አላወቅኩም። ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ ሰዉ ልጆቹን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሽቅብ ያያል። አንድ ቀጭን አውሮፕላን ወደ ላይ ይወጣል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዛፎቹ ኋላ ይገባል። ወዲያው ጭስ ይነሣል። ጭሱ ከታየ በኋላ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያህል የጭብጨባ ድምፅ ይሰማል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሰው ምን እንዳለ ላንብብልሽ» አለችኝ ልጅቷ። ከቪዲዮው ሥር የተጻፈው አስተያየት መዓት ነው። አንዱ ሞተሩ ነው ይላል። አንዱ አብራሪው ጠጥቶ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ የምናውቀውን እናውቃለን ብሎ ይዝታል።

«መጀመሪያ ያጨበጨበው ማነው?» አልኳት።

«እንዴ እማማ! ሰውዬው ሞቷል እኮ። አንቺ የምትጠይቂው ስለ ጭብጨባ ነው?»

 እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ ሁሉ በዚህ ይቀልድብኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳስተምር ሰነፍ ተማሪ ጥያቄ ሲመልስልኝ ደስ ከማለት ይልቅ ከማን ገለበጠው እል ነበር። ሎሚ ስገዛ እንኳ ሻጩ ፈገግ ካለ አልገዛውም። ይህ ጠባይ ግን አብሮኝ የተወለደ አይደለም። የያዘኝ ቀንና የያዘኝ ቦታ አለው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ካራ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ኮተቤ ለመምህርነት እማራለሁ። ካራ ያን ጊዜ ከተማም ገጠርም ለመሆን ያልቆረጠ ቦታ ነበር። ከመንገዱ ወዲህ የቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግተዋል፤ ከመንገዱ ወዲያ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው፤ ከዚያ በላይ ባሕር ዛፍ የለበሰው ተራራ እስከ እንጦጦ ድረስ ይቀጥላል። መስከረም ሲጠባ አውቶቡስ መጠበቅ ትቼ ኮተቤ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር። ጭቃው ጠጠር ጠጠር ይላል፣ አደዩ በየቦዩ ዳር ፈንድቷል፣ ገበሬዎቹ የባቄላ እሸት ከነአገዳው በእቅፍ ይሸጣሉ። እየፈለፈልኩ እየበላሁ ስደርስ ጣቶቼ አረንጓዴ ሆነው ደብተሬን ያበላሹት ነበር።

ከቤታችን ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ ባለ ሱቅ ነበረች፤ ዘይነባ ትባላለች። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው አዲስ አበባ የወለዷት ናት። ባሏ ሸምሱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ከወሩ ግማሹን አሰብ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ከእኔ ዐሥር ዓመት ብትበልጥ ነው፤ እትዬ እላታለሁ፣ እሷም እንደ ታናሽ እህት ታዘኛለች። ጠዋት ጠዋት በሱቋ በኩል ሳልፍ ሁለት ብስኩት በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ትከትልኝ ነበር። «ባዶ ሆድ ትምህርት አይዝም» ትላለች። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም።

ከፊት ለፊታችን ደግሞ ጽጌ የምትባል፣ ከአርባ ምንጭ የመጣች ዝምተኛ ሴት ነበረች። ደጇ ላይ ሙዝ ትሸጥ ነበር። ሰው ካላናገራት አትናገርም፤ ስትናገር ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተናግራ ትገባለች።

እንግዲህ የአብዮቱ በዓል ደረሰ። ለወትሮው የምንሰለፈው መሀል ከተማ ነበር፤ ያን ዓመት ግን ከእኛ በላይ ባለው ሜዳ የአየር ትርኢት ይደረጋል፣ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ የአካባቢው ቀበሌዎች ነቅለው ይወጣሉ ተባለ። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። ስሙ የተመዘገበ ሰው ኅብረት ሱቅ ሄዶ ስኳር ሲጠይቅ «ስኳር አልቋል ጓድ» ይባላል። ስኳሩ ግን ከሻጩ ጀርባ በኩንታል ቆሞ ይታያል።

ሴቶቹ ለብቻችን ሁለት ቀን አዳራሽ ተጠርተን ልምምድ አደረግን። የምትመራን የቀበሌው የሴቶች ሊቀመንበር ጓድ አበራሽ ነበረች። መልካም ሴት ናት ብዬ አስብ ነበር፤ ድምፅ ማጉያ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

«ሦስት አውሮፕላኖች ይመጣሉ!» አለች። «ሁለቱ በሰማይ ላይ ይገለባበጣሉ፤ ያኔ ጭብጨባ። ሦስተኛው ከተራራው ጀርባ ሆኖ የጠላትን ምሽግ ይደበድባል፤ ጭስ ታያላችሁ። ጭስ ስታዩ እልልታ! ገባችሁ? ጭስ ከሌለ እልልታ የለም!»

ለልምምዱ አንድ የአብዮት ጥበቃ ከመድረኩ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ቀይ መሃረብ በእንጨት ላይ ከፍ ያደርጋል፤ እሱ ጭሱ ነው ተባልን። መሃረቡ ብቅ ሲል አንዷ ቀድማ ሌላዋ ዘግይታ አዳራሹ ተንጫጫ። በዚያን ጊዜ የኔ እልልታ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሰርግ ሲኖር «ሰናይትን ጥሩ» ይባላል፤ ትንፋሼ ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከፍ አድርጌ እጥለዋለሁ። ጓድ አበራሽ ይህን ታውቃለች። «ሰናይት ትጀምር፣ ሌሎቻችሁ ተከተሏት» አለች። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ሰሙ። እኔም ደስ አለኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

የትርኢቱ ቀን ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል፤ ጫማችን ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። መድረኩ ላይ ትልልቆቹ ሰዎች በጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሁለቱ አውሮፕላኖች መጡ፣ ተገለባበጡ፣ አጨበጨብን። እንዲያውም ከልባችን ነው ያጨበጨብነው፤ ያን ያህል ብረት ሰማይ ላይ እንደ ወረቀት ሲገላበጥ አይቶ የማያጨበጭብ ሰው የለም። ሦስተኛው ዘገየ። ከዚያ ከእንጦጦ በኩል በጣም ዝቅ ብሎ መጣ፤ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ የነካ መሰለ። ከተራራው ጀርባ ገባ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዛፎቹ በላይ ጥቁር ጭስ ተነሣ።

እኔም እልል አልኩ።

ትንፋሼ እስኪያልቅ ነው እልል ያልኩት። አራት አምስት ሴቶች ከኋላዬ ተከተሉኝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አቋረጡና የኔ ድምፅ ብቻውን ቀረ። ለምን እንዳቆሙ አልገባኝም። መጨረሻውን ከፍ አድርጌ ልጥለው ስል ዘይነባ በመዳፏ አፌን ከደነችው። እጇ ሳሙናና ላምባ ይሸታል።

«ዝም በይ!» አለችኝ በጆሮዬ። «ያ ረቢ፣ ከተራራው ጀርባ አልወጣም እኮ! አልወጣም፣ ሰው አለበት!»

መድረኩ ላይ ሁሉም ቆመዋል። አንድ መኮንን ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ማርሽ የሚነፉት ወታደሮች ግን ያላዩ ይመስለኛል፤ ጥቂት ነፍተው መሀል ላይ አንድ በአንድ ተዉት። በዚያ ዝምታ ውስጥ የኔ እልልታ እስካሁን ሜዳው ላይ የሚዞር መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ። አንድ ሰው እየነደደ እኔ እልል ብዬለት ነበር። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እናት ትኑረው አትኑረው አላውቅም።

ስንመለስ ስለ አውሮፕላኑ የሚያወራ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ስለ ጭቃው ነበር የሚያወራው። ጫማዬ ተበላሸ፣ ዘንድሮ ክረምቱ አልወጣ አለ፣ ባቄላው ጥሩ ነው። በማግስቱ ሬዲዮው ስለ በዓሉ ድምቀት አውርቶ አውርቶ ስለ ሦስተኛው አውሮፕላን ትንፍሽ ሳይል አለፈ። ወሬ ደግሞ ሬዲዮ የተወውን ማንሣት ሥራው ነው። በሦስተኛው ቀን ቦኖ ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ በሹክሹክታ ጀመሩ። ወደ ውጭ ሊያመልጥ ሲል ነው አሉ። ነዳጁ ውስጥ ሰርጎ ገቦች ውሃ ጨምረውበት ነው አሉ። አንዷ ደግሞ ግራ ቀኟን አይታ፣ መድረኩን ሊመታ ብሎ ነው የሳተው አለች። ያን ጊዜ ሁላችንም ማሰሮአችንንና ባልዲያችንን አንሥተን የሰማን እንዳንመስል ተበታተንን።

ጽጌ ብቻ ባልዲዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ቆማ ነበር። «ስንት ዓመቱ ይሆን?» አለች። «ሚስት ነበረችው ይሆን?»

 ቤት ስንገባ እናቴ በሩን ዘግታ «ምን አግብቷት ነው ዕድሜውን የምትጠይቀው? ሰው ወሬ ሊያወጣጣ ሲፈልግ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለችኝ። ያ ሳምንት እንደዚያ ነበር። ለሟቹ ያለቀሰ ሰው ያውቀዋል ይባላል፤ ያላለቀሰ ደስ ብሎታል ይባላል። ፊታችንን ምን እናድርገው? እኔ እንኳ ቀኑን ሙሉ የታመመ ሰው መስዬ እውል ነበር።

ብዙም አልቆየ፣ ጓድ አበራሽ ቤት ለቤት ዞረች። ዐይኗ አበጥ ብሏል። ሜዳው ላይ የነበሩ ሴቶች በሙሉ ሐሙስ አዳራሽ ይቅረቡ አለች። በጀግና ሞት እልል ያለች ሴት አለች፤ ከቀበሌያችን በላይ ያለው የከፍተኛው ካድሬ ራሱ መድረኩ አጠገብ ሆኖ ሰምቷል፤ ድምፁን ከሰማሁ አውቀዋለሁ ብሏል። ይህን ስትናገር እኔን አላየችኝም። ጭስ ስታዩ እልል በሉ ያለችውን አንሥቼ ልጠይቃት አፌ ድረስ መጣ። ነገር ግን ያን ማንሣት ራሷን ማሳሰር ነው፤ እሷ ደግሞ ራሷን ከምታሳስር እኔን ታሳስራለች ብዬ ዝም አልኩ። አርባ ሴት ያውቃል። አርባ ሴት ዝም ሊል አይችልም ብዬ አሰብኩ። ከአርባዎቹ ሁሉ ደግሞ ይበልጥ የምታውቀው አፌን በእጇ የከደነችው ነበረች።

ከዚያ በኋላ ዘይነባን መሸሽ ጀመርኩ። ጠዋት ብስኩቱን ስትሰጠኝ ዛሬ ለምን ሰጠችኝ እላለሁ። ሳትሰጠኝ ስትቀር ደግሞ ለምን ከለከለችኝ እላለሁ። ረቡዕ ከሰዓት በሱቋ መስኮት ጠርታኝ «ነገ አንገትሽ ላይ ጨርቅ ጠምጥሚና ጉሮሮዬን አሞኛል በይ። ድምፅሽን እንዳይሰሙት» አለችኝ። እሺ ብያት ገባሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን፣ አርባ ሴት መካከል አንገቷ ላይ ጨርቅ የጠመጠመች አንዲት ብቻ ብትሆን እንዴት እንደምትታይ ታየኝ። ምልክት እያደረገችብኝ ነው አልኩ። ጨርቁን ሳልጠመጥም ሄድኩ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ለሰው ስናገር አያምነኝም። ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ተቀመጠ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። ስማችንን እየጠራ አንድ በአንድ መድረክ ላይ አወጣንና «እልል በይ» ይለን ጀመር። ከሴቶቹ ውስጥ በደንብ እልል ያለች አንድም አልነበረችም። አንዷ ሳለች። አንዷ ጥርሷን አሞኛል አለች። ሰርግ ቤት ቆርቆሮ የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ እዚያ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ብላ ወረደች። በሌላ ቀን ቢሆን ወለል ላይ ተንከባልለን እንስቅ ነበር። ጽጌ ወጥታ እልል ማለት ጀመረችና መሀል ላይ ድምፁ ተለውጦ ለቅሶ ሆነባት። ካድሬው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። ዘይነባ ወጣች፣ ደረቅ ያለ ነገር ብላ ወረደች። የኔ ተራ ሲደርስ ጉሮሮዬን አጥብቄ አሻክሬ አወጣሁት። መጨረሻው ላይ ግን ልማድ ሆኖብኝ ከፍ አለብኝ። ቀና ብሎ አየኝ።

አምስታችን ቅሩ ተባልን፤ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ። ከአምስቱ ጽጌ ቀድማ ወደ ጓዳው ክፍል ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ሁለት ሴቶች ተከትለው ገብተው ወጡ። ከዚያ ዘይነባ ገባች። ዘይነባ አልወጣችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የበሩን ስንጥቅ አያለሁ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ይላል። ይህን ያህል ጊዜ ምን ታወራለች? የምታወራው ስለ እኔ ካልሆነ ስለ ማን ነው? በመጨረሻ ወጣች፤ ሻሽዋን እያስተካከለች ሳታየኝ በፊቴ አለፈች። አለቀልኝ አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ካድሬው በትሕትና ወንበር ሰጠኝ። «ኮተቤ ነው የምትማሪው አይደል?» አለኝ። «ዘንድሮ ትጨርሻለሽ። አገር መምህር ትፈልጋለች፤ እናትሽም ሌላ ልጅ የላቸውም።» ከዚያ ወረቀቱን እያየ «ጎረቤትሽ ሁሉንም ነግራናለች» አለ። «እኛ ካንቺ የምንፈልገው እውነቱን ነው። እልል ያለችው ማናት?»

ጎረቤትሽ ሲል ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ነግራናለች ሲል የነገረችው እኔን ነው። ይህን አንድ ላይ ለማያያዝ ጊዜ አልወሰደብኝም። አሁን ሳስበው ምን እንደነገረችው እንኳ አልጠየቅኩትም። የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋብኝ፣ እናቴ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ደጅ ስትቆም ታየኝ።

«እልል ያለችው ዘይነባ ናት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጠገቧ ነበርኩ።»

ጻፈውና ወረቀቱን አዞረልኝ። ፈረምኩ። ያን ፊርማ ለመምህርነቴ ብዬ በየደብተሬ ኋላ ስለማመደው ነበር የከረምኩት፤ ወረቀት ላይ በቁም ነገር ሳሰፍረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና መጣና ዘይነባን ወሰዷት። ሱቁን ዘግተው ወረቀት ለጠፉበት። መኪናው ላይ ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ያያል። ዞራ የፈለገችው እኔን ነበር። «ሰናይት፣ ሸምሱ ሲመጣ አይደንግጥ፣ ደህና ናት በይው» አለችኝ። እሺ እትዬ አልኳት። ሸምሱ ከአሰብ ሲመለስ እንደታዘዝኩት ነገርኩት።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ልምጣ። ጽጌ ያን ሰሞን እናቷ አርባ ምንጭ ታመው የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ትመላለስ ነበር። ወር ሙሉ ነገ ነይ ሲሏት ቆይተው፣ ዘይነባ በተወሰደች በማግስቱ ሰጧት። ይህን ስትሰማ እናቴ ቦኖው ዘንድ ባልዲዋን አስቀምጣ «እንግዲህ ወረቀቱን በምን እንዳገኘችው ታወቀ» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቹን ዕድሜ የጠየቀችውም፣ አዳራሽ ያለቀሰችውም፣ ሁሉም ገጠመላቸው። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ እዚያ ነበርሽ። መጀመሪያ የገባችው ማን ነበረች?» አለችኝ።

«ጽጌ ናት» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። መጀመሪያ የገባችው ጽጌ ነበረች። ከእንግዲህ ግን የኔን ስም የሚያነሣ እንደማይኖር በዚያች ደቂቃ አወቅኩ፤ ሰውነቴም ቀለለኝ። መቅለሉ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

ጽጌ እናቷን ቀብራ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳ ደጇ ላይ ምንጣፍ ዘረጋች፤ ወንበር ተበድራ ደረደረች። በእኛ ሰፈር መርዶ የመጣበት ቤት ሦስት ቀን ሰው አይለየውም፤ የማይዋደድ ሰው እንኳ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ቆሎ ቆርጥሞ ይሄዳል። ጽጌ ቤት ሰው አልመጣም። እኔና እናቴ ከበራችን ሆነን አየናት። ማታ ማታ ወንበሮቹን ራሷ ታስገባለች፤ ጠዋት መልሳ ታወጣለች። በሦስተኛው ቀን ምንጣፉን ጠቀለለችና ሙዝ መሸጥ ጀመረች፤ የሚገዛት ግን መንገደኛ ብቻ ነበር።

ዘይነባ የተፈታችው ኅዳር ላይ ነው። ከስታለች፤ ፀጉሯ ተቆርጧል። እንኳን አላህ አወጣሽ ልላት ስገባ እናቴ ስለ ጽጌ ያወራችው ሁሉ ደርሷት ነበር። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ያን ቀን ብዙ አቆየኝ» አለችኝ። «ስለ ሸምሱ ነው የጠየቀኝ፤ አሰብ ምን ያመላልሳል እያለ። ስለ እልልታው ሲጠይቀኝ ሰማይ ሰማይ ሳይ ነበር አልሰማሁም አልኩት። ወላሂ ስምሽን አልጠራሁም። ታስሬም ጠየቁኝ፤ አልጠራሁም።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጽጌ ደጅ አየች። «እሷን ምን በደልኳት ሰናይት?»

አንገቴን ደፋሁ። ያዘንኩላት መስሏት ጀርባዬን አሸችኝ።

ያ መንግሥት ወደቀ። ካድሬው የት እንደገባ አላውቅም፤ ጓድ አበራሽም ጓድነቱ ቀርቶ ሰንበቴ ላይ አገኛት ነበር። ካራ አስፋልቱ ሰፋ፣ የባቄላው ማሳ ቤት ሆነ። ዘይነባና ጽጌ ግን አርባ ዓመት ያህል ፊት ለፊት ኖረው አልተነጋገሩም። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ መንገድ ትሻገራለች። ሰፈሩም ለምን እንደሆነ ከረሳ ቆይቶ ነበር፤ የሚያውቀው እንደማይነጋገሩ ብቻ ነው። ጽጌ አምና ክረምት ሞተች። ያኔ ሰው ነቅሎ ወጥቶ ቀበራት። እኔም አለቀስኩ፤ ብዙ አለቀስኩ፤ ምን ያህል ይወዱዋት ነበር አሉ።

የልጅ ልጄ ያን ቪዲዮ ካሳየችኝ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሙዝ ገዝቼ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ልነግራት ቆርጬ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ልጇ ሐያት ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀድታልን ወጣች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ስኳር ውድነት አወራን። አንዱን ሙዝ አነሣችና ላጠችው፤ ግን አልበላችውም።

«የጽጌ ቀብር አልሄድኩም» አለች። «ያን ቀን ሁሉም ሲሄድ በመስኮት አያለሁ። አሁን አሁን ታስበኛለች። ባትሆንስ እላለሁ። አርባ ዓመት በከንቱ ከሆነስ?» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ አብረሽ ነበርሽ። እሷ ናት ትያለሽ?»

ሻዩን አስቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ። ዘይነባም እጄን ያዘችኝ።

«ለነገሩ አንቺን ምን ልጠይቅ» አለች። «እስር ቤት ተቀምጬ ሰፈሩን አንድ በአንድ ጠርጥሬአለሁ። እናትሽን ሳይቀር፣ አላህ ይማራቸው። ያልጠረጠርኩት አንቺን ብቻ ነው።»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አልኳት።

ሻዬን ጨርሼ፣ ጤና ይስጥሽ ብያት ወጣሁ።

ፊት ለፊት መናገር ካቃተኝ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ሰው ሁሉ ያንብበው፣ ለእኔ ግን አንባቢዬ አንዲት ናት። ዘይነባ አሁንም አታነብም፤ ልጇ ግን ያገኘችውን ሁሉ ታነብላታለች። ሐያት፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላት። እልል ያልኩት እኔ መሆኔን እናትሽ ድሮም ታውቃለች። ስሟን የጠራሁትም፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ጽጌ ስለ ማንም ክፉ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለሞተው ሰውዬ ያዘነች አንዲት ሴት እሷ ነበረች።